እምብርቱ ዙሪያ ያረፉ ጣቶች

ሰው «ትል አለብኝ» ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የትኛው ትል? ወስፋት ነው? ኮሶ ነው? መንጠቆ ትል ነው? በደፈናው «ትል» ማለትማ «ሰው በር ላይ ቆሟል» እንደማለት ነው፤ ዘመድ ይሁን ሌባ በምን ይታወቃል? ይህን ክፉ አመል ያስለመደኝ አንድ ነዝናዛ ሐኪም ነው። ከሱ በፊት እኔም እንደ ማንም ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ስጠራ ነው የኖርኩት።

እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ እስራኤል አገር ረሆቮት ከተማ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ክሊኒክ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። የኛ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዕብራይስጡ እሺ ስላላላቸው፣ በሐኪሙና በነሱ መካከል ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ሕጋችን አንድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል። ስድብም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን፣ «ይቺን አትንገሪው» የተባለውም ቢሆን። ለማለት ቀላል ነው። እስቲ አንድ ሽበት የወረሳቸውን አባት፣ ልጃቸው ጎናቸው ተቀምጣ ሳለ፣ ስለ ሰገራቸው ጠይቋቸው! ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሐኪሙ «አልሰሙኝም እንዴ?» ይለኛል። ሰምተዋል እንጂ! የኛ አባት እኮ ልጁ ፊት ሲያዛጋ እንኳ አፉን በጋቢው የሚሸፍን ነው።

ነዝናዛው ሐኪም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ቅንድቡ የተንጨባረረ ሽማግሌ ነው። ሙያው በሰው ገላ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ወደኛ ይመጣል። በዕብራይስጥ አንቱታ የለምና እኔም በአማርኛ ሳስበው «እሱ» ማለት ለመደብኝ፤ ይቅር ይበለኝ። መጀመሪያ የተጣላነው በትል ነው። አንዲት ሴት «ትል አስቸገረኝ» አሉኝ፤ እኔም «ቶላዒም አለባት» ብዬ አቀበልኩት። ቶላዒም በዕብራይስጥ ትሎች ማለት ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ቶላዒም የሚባል በሽታ የለም» አለኝ።

«እንዴት የለም? ሴትዮዋ አለብኝ እያሉ!»

«እባብ ቢነድፍሽ ‹እንስሳ ነከሰኝ› ብለሽ ትመጫለሽ? ወስፋት ድብልብልና ረጅም ነው። ኮሶ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወጣል። መንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፣ ሰውየውን ያገረጣዋል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ውኃ ነው። ጠይቂያት፤ ምን ወጣ? ምን ይመስላል? ይንቀሳቀስ ነበር?»

ስጠይቃቸው ሴትዮዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። እኔም ያን ቀን ምሳዬ አልበላ አለኝ። እንጀራዬን ለማግኘት ይህን ሁሉ መስማት አለብኝ ወይ አልኩ። ቢሆንም ተማርኩ። ምን ይደረግ፣ ነዝናዛ አስተማሪ አይረሳም።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። እማማ ከኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ እኔ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ከመምጣቴ ብዙ ዓመት በፊት። ባላቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ነስ ጺዮና በምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ምላሷ ፈጣን ነው፤ አማርኛ ጀምራ በዕብራይስጥ የምትጨርስ ዓይነት።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«ኢማ አብዳለች» አለችኝ። ኢማ ትላለች እናቷን። «ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሟ ኮርቲዞን አዘዘላት። አልውጥም አለች! ፓኮው ሳይከፈት ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ክኒን ስታይ ትንቀጠቀጣለች። ባክሽ አንቺ ንገሪያት፤ አንቺን ትሰማለች።»

«ለምን እንደማይውጡ ጠይቀሻቸዋል?»

«ትገድለኛለህ ትለዋለች፣ ክኒኑን። ቤሰደር? ደህና ነው ይኼ? ከክኒን ጋር ነው የምታወራው!»

እሺ ብዬ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ከበረሃ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ሰማዩን ቢጫ አድርጎት ነበር። እማማ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ ዱካ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የባላቸው ወንበር ፊት ለፊታቸው ነው፤ ጭራቸውና በትራቸው እንደተደገፉበት አሉ። ማንም አይቀመጥበትም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእማማ ደረት ብቻ ነው፤ በቀጭኑ ያፏጫል።

«ለምን አይጋደሙም እማማ? ይደክምዎት የለ?» አልኳቸው።

«ስጋደም ይነሣል» አሉኝ።

«ማነው የሚነሣው?»

«እሱ ነዋ።»

ሳላስበው ዐይኔ ወደ ወንበሩ ሄደ። ጭራው ያለ ነፋስ የተነቃነቀ መሰለኝ፤ ፈርቼ ይሆናል። እማማ ግን ወደዚያ አላዩም። ተነሥተው ቀሚሳቸውን ከጎናቸው ገለጥ አደረጉ። ከመቀመጫቸው ተነሥቶ በዳሌያቸው በኩል ወደ ጎናቸው የሚሄድ ቀይ መስመር አየሁ። እንደ አለንጋ ሰንበር ከፍ ብሎ፣ ጠመዝመዝ ያለ።

«ማን መታዎት?» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

«ማንም አልመታኝ። ጠዋት ስነሣ እዚህ ነበር» አሉና ጣታቸውን ዳሌያቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጎናቸው ወሰዱ። «አሁን እዚህ ደርሷል። ይሄዳል። ያሳክከኛል፣ ሲያሻው ይጠፋል፣ ወር ቆይቶ ሌላ ቦታ ይወጣል። ባሌንም እንዲህ ሲዞረው ኖሮ ነው የበላው።»

እኔን! ተቀመጡና አጫወቱኝ። ባላቸውም እንዲሁ ደረታቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገብተው ነበር። ነጭ ክኒን ተሰጣቸው፤ ያው ኮርቲዞን። መጀመሪያ ላይ ቀለል አላቸው፣ ስቀውም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሆዳቸው ተነፋ፣ ትኩሳቱ ወጣ፣ ትንፋሻቸው ከደም ጋር መጣ። ሊሞቱ ሲሉ እማማ ፊታቸውን ሊያጥቡ ቀርበው አንሶላውን ገለጡ።

«እምብርቱ ዙሪያ ጣት አርፎበታል» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አውራ ጣት። አንድ አይደለም፣ ብዙ አውራ ጣት፣ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ። ሊጥ ስትጫኚ እንደሚቀረው። ማን ተጫነው? ከኔ በቀር የነካው የለም።»

ሬሳው ሲታጠብ የሟቹ ታላቅ ወንድም አይተውት ኖሮ ለቅሶው ላይ «እጅ አርፎበታል» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ተቀበላቸው። ይገርማል እኮ። አገር ቤት ጎረቤቶቻችን እኛን «ቡዳ» እያሉ፣ ሰው ትበላላችሁ እያሉ ስንት ግፍ ሠሩብን። እዚህ መጥተን ደግሞ እኛው በሹክሹክታ የበላውን ሰው እንፈልግ ጀመር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

«በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ እምብርቴን አያለሁ» አሉ እማማ። «እስካሁን የለም። ክኒኑን የዋጥኩ ቀን ይመጣል።»

ክኒኑን ላስውጣቸው ነበር እኮ የመጣሁት! ፓኮውን ከፍሪጁ ላይ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ነዝናዛው ሐኪም የሚመጣው በማግሥቱ ስለነበር «ነገ ከኔ ጋር ይሄዳሉ» አልኳቸው። ደረጃውን ስወጣ ጀርባዬን አንድ ነገር የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ልብሴን አራገፍኩ። እንደው ጅል ነኝ።

በማግሥቱ ልጅቷም አብራን መጣች። «ማ ፒቶም! ምን ሲደረግ? ለቆዳ ማሳከክ ብዬ ሥራ ቀረሁ» እያለች መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። ሐኪሙ እማማን አልጋ ላይ በጎናቸው አስተኛቸውና መስመሩን አየ። እስክሪብቶውን አወጣና መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ ከፊቱ፣ ሰማያዊ ጭረት ጫረ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ልጅቷ።

«ተቀመጡ» አለን። «ማንም አይንካት።»

ተቀመጥን። መስኮቱ ላይ ነፋሱ አቧራ ይበትናል፣ ከሩቅ የባቡሩ ድምፅ መጥቶ ያልፋል። የእማማ ደረት ያፏጫል። እኔ ያን ቀይ መስመር ትክ ብዬ አያለሁ፤ አይንቀሳቀስም። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ሄዶ እንጂ ሲሄድ አይታይም። ሐኪሙ ወጥቶ ሌላ በሽተኛ አይቶ ተመለሰ። ልጅቷ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ቀና አለችና «ዳይ፣ ይበቃል፣ እንሂድ» ልትል ስትል ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

መስመሩ ሰማያዊውን ጭረት አልፎ ሄዷል። የጣት ስፋት ያህል አልፎታል። እማማ ምንም አልተንቀሳቀሱም፤ እኛም አልነካናቸውም። እኛ ተቀምጠን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዐይናችን እያየ ያ ነገር መንገዱን ቀጥሏል። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ጀርባዋን ከግድግዳው አጣበቀች።

«ንገሪያቸው» አለኝ ሐኪሙ። «እያንዳንዱን ቃል።»

ነገርኳቸው። ስሙ ስትሮንጊሎይደስ ይባላል። ወስፋት አይደለም፣ ኮሶ አይደለም። እጩ፣ ማለት ገና ያላደገው ልጁ፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ በባዶ እግር የሚሄድን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ይዋጣል፣ ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ቤቱን ይሠራል። ሴቲቱ ከፀጉር ትቀጥናለች። ወንድ አያስፈልጋትም፤ ብቻዋን ትወልዳለች። ሌላው ትል ልጁን ወደ ውጭ ይልካል። የዚች ልጆች ግን ገሚሶቹ ሳይወጡ፣ መቀመጫው አጠገብ ቆዳውን በስተው ወደዚያው ሰውዬ ይመለሳሉ። ስለዚህ አታልቅም። ሰውየው አገር ቢለውጥ፣ ጫማ ቢያደርግ፣ ውኃው ንጹሕ ቢሆን፣ እሷ ሃያም ሠላሳም ዓመት ትቆያለች። ድምፅ የላትም። አንዳንዴ አንዱ ልጇ ቆዳው ሥር ሲሮጥ እንዲህ መስመር ይታያል።

«ሃያ ዓመት?» አሉ እማማ። «ከአገር ቤት ጀምሮ?»

«ከአገር ቤት ጀምሮ።»

«እኔ ግን በየጊዜው ኮሶ እጠጣ ነበር። እዚህም ስንገባ የሆድ ክኒን አውጠውናል።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ኮሶው የኮሶን ትል ነው የሚያወጣ፤ የተሰጣቸውም ክኒን ለወስፋት የሚሆን ነው፤ ይቺን አይነካትም። «‹ታክማለች› ይሉኛል» አለ፤ ብስጭቱ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ከምን? ከየትኛው?»

ቀጥሎ ኮርቲዞን ወስደው እንደሆነ ጠየቀ። ፓኮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አለመከፈቱን አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኮርቲዞን የሰውነትን ዘብ ያስተኛል አለ። ዘቡ ሲተኛ ያቺ ዝምተኛ ልጆቿን በሺህ ትለቃቸዋለች፤ አንጀቱን በስተው ደሙ ውስጥ፣ ሳንባው ውስጥ፣ በየቦታው ይፈሳሉ።

ይህን ተርጉሜ ስጨርስ እማማ ተነሥተው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ጠይቂልኝ» አሉ። «እምብርት ላይ ጣት ያሳርፋል ወይ?»

ጠየቅሁት። የባላቸውን ሆድ፣ ወይን ጠጅ የመሰለውን፣ ሊጥ ላይ የሚቀረውን ሁሉ ነገርኩት። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን ነገራት?» አለኝ።

«ማንም አልነገራቸው። አይተው ነው።»

«መጻሕፍቱ ላይ ስሙ እንደዚያው ነው» አለ። «የአውራ ጣት አሻራ። እጮቹ በሆድ ቆዳ ሲያልፉ ደም ይፈስና ይጠቁራል። እኔ ራሴ በሥዕል እንጂ በሰው ላይ አይቼው አላውቅም።»

እውነቱን ልናገር፣ ቡዳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቡዳን እንኳ ይቆጡታል፣ ያስለፈልፉታል፣ ስሙን ተናግሮ ይለቃል። ይኼ ግን ከማንም ጋር ጠብ የለው። በረሃውን አብሯቸው ተሻግሮ፣ አብሯቸው አርጅቶ፣ አንድ ቀን ዘቡ ሲተኛ ሰውየውን ከውስጥ ጨረሳቸው።

ሐኪሙ ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። «ባሏ ሆስፒታል ሳለ፣ ኮርቲዞኑን ከመስጠታቸው በፊት፣ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን የጠየቀው ሰው ነበር?»

እኔ ወደ እማማ ዞሬ ሳልተረጉም ልጅቷ በዕብራይስጥ መለሰች። «ጠይቀዋል» አለች። ድምፁ የሷ አይመስልም። «እኔን ነው የጠየቁኝ። ወታደር ነበርኩ፣ ከነዩኒፎርሜ ነው የሄድኩት። አስተርጓሚ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። አባትሽ ሰገራው ላይ ችግር አለው ወይ፣ ቆዳው ላይ የሚሄድ ነገር አለ ወይ አሉኝ። አባቴን አልጠየቅሁትም። ‹የለም፣ ታክሟል፣ ንጹሕ ነን› አልኳቸው።» ከዚያ ዕብራይስጡን ሳትለቅ ወደኔ ዞረች። «እግዜር ያሳይሽ፣ ይቺን ለእናቴ አትንገሪያት።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ልጅቷን አውቃታለሁ። ገና ሲመጡ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች «ትላም» እያሉ ከጠረጴዛቸው ያባርሯት እንደነበር ነግራኛለች። አባቷንም አውቃቸው ነበር፤ ሲገቡ ሁሉም ይነሣል፣ ሲናገሩ ሁሉም ዝም ይላል። የዚያን ሰው ሰገራ የትኛዋ ልጅ ትጠይቃለች? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ የአባትን በሽታ የደበቀ ልጅስ ምን ይባላል? እማማ ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል። ተረጎምኩ። እያንዳንዱን ቃል፣ «አትንገሪያት» ያለችውንም ጭምር። እያለቀስኩ ነበር።

እማማ አላለቀሱም።

«አውቃለሁ» አሉ። «እዚያው ሆስፒታል ቆሜ አልነበር? ዕብራይስጡን ባልሰማም ጥያቄው ይገባኛል፤ ሐኪሙ ሆዱን እያመለከተ ነበር። ልጄ ቀልታ ወደኔ አየች፤ ልጠይቀው ወይ ነው ነገሩ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ በዐይኔ ‹የለም በያቸው› አልኳት። ጎኑ ላይ ሲሄድበት ስንት ዘመን አይቻለሁ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። በልጁ አፍ አይዋረድ ብዬ። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አማርኛ ለመስማት እኔን አያስፈልጋትም። ግድግዳውን ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ሕፃን «ኢማ፣ ኢማ» እያለች። እናቷ ጥያቄው እንደገባቸው አታውቅም ኖሯል፤ ለካ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዷ ከሌላዋ ደብቀው፣ ያንኑ ነገር ተሸክመው ኖረዋል።

እማማ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ቢታወቅ ኖሮ ይድን ነበር?»

«እኔ አልመረመርኩትም፤ ባላየሁት አልምልም» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ይመስለኛል። ጥቂት ክኒን ነበር የሚያስፈልገው» አለ። እሱንም ተረጎምኩ። ልቤ ግን ያን ቀን ሥራዬን ረገመችው።

እማማ የሰገራ ናሙና ሰጡ፣ ደም ሰጡ፤ መድኃኒቱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ስላልነበረ እስኪመጣ ጠበቅን። ውጤቱ በወጣ ቀን እማማ «ልየው» አሉ። ሐኪሙ ሊያግባባቸው ሞከረ፤ እምቢ አሉ። እዚያው ሕንፃ ላቦራቶሪ ወሰዳቸውና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። እኔም ከሳቸው በፊት አይቼዋለሁ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ነገር፣ ያለ ዕረፍት ይጥመለመላል፤ ፊት የለው፣ ዐይን የለው። እማማ ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ ነህ?» አሉት። ድምፃቸው ለሰው እንደሚያወሩት ነበር። «ቤቱን ጥለን፣ ከብቱን ጥለን ወጣን። ሁለት ልጆቼን ሱዳን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ መጣሁ። አንተን ግን አዝዬ መጣሁ።»

ቀና ብለው «ስሙን ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ቤታቸው እስክንደርስ በየመንገዱ ሲያጠኑት ነበር።

የመጣውን መድኃኒት ዋጡ። መስመሩ ጠፋ፣ ተመልሶም አልመጣ። ደረታቸውም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ብቻ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቆሙን አልተዉም፤ ልማድ ሆነባቸው መሰለኝ።

የባላቸው ተዝካር በደረሰ ጊዜ ቤቱ በዘመድ ሞላ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ከቤኤር ያዕቆብ ከተማ መጥተው በትራቸውን ይዘው ከላይ ተቀምጠዋል። ተበላ፣ ተጸለየ፤ እንደ ልማዱ አንዱ «እንደው ያ እጅ ያረፈበት» ብሎ ወሬውን ሲጀምር እማማ ተነሡ።

«እጅ አላረፈበትም» አሉ። «ስሙን እነግራችኋለሁ።» አንዲት ፊደል ሳይስቱ ጠሩት። ከየት እንደሚገባ፣ ስንት ዘመን እንደሚቀመጥ፣ ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚሄድ፣ ከመቀመጫ ተነሥቶ ወደ ጎን መሆኑን ሳይቀር ተናገሩ። በተዝካር ላይ! ወጣቶቹ በኀፍረት ሰሐናቸውን አዩ። ሽማግሌዎቹ ግን አንገታቸውን አልደፉም። አንድም ሰው አልሳቀ። ዙሪያዬን ቃኘሁና ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ አንዱ ሽማግሌ እጁን በጋቢው ሥር ወደ ጎኑ ወሰደ። ከወዲያ ማዶ ሌላይቱ ባልቴት። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሌላው። ሁሉም ቀስ ብለው፣ አንዱ አንዱን ሳያይ።

የሟቹ ወንድም ተነሥተው ወጡ። ተቆጡ ብለን ነበር። ልጅቷና እኔ ስንከተላቸው ደረጃው ጥላ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ያ ያላችሁት ነገር» አሉ፤ ወደኛ ሳያዩ። «ሲሄድ ያሳክካል?»

ሐኪሙ በመጣበት ቀን ሁለቱ አብረው መጡ፤ አጎትና የወንድም ልጅ። ወንበሬ ላይ ልቀመጥ ስል ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝና «ዛሬ እኔ» አለችኝ። ቦታዬን ለቀቅኩላት። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ሰገራው እንዴት ነው፣ ምን አይቶበታል፣ ቆዳው ላይ የሚሄደው ከየት ተነሥቶ ወዴት ነው።

ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች። ከዚያ ቀና አለች።

«አባባ፣ ሰገራዎ እንዴት ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልጅቷ ዞራ እኔን አላየችም። ጠበቀች።

«አባባ፣ አባቴን ሳልጠይቀው ነው የሞተው። እርስዎን ግን እጠይቃለሁ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። እሷም አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው።